ጠመኔ እና መረብ

ከሙሐረቅ ወደብ፣ ዓሣ ከሚሸተው፣
ትምህርት ቤት አለ፣ እኔ የምወለውለው፤
ወለሉን፣ መስኮቱን፣ አዲሱን ሰሌዳ፣
ጣት ሲነካው በርቶ ባሕር የሚቀዳ።

ወጣት መምህራኑ ወደዱት በአንድ ቀን፤
ሸይማ እሳተ ገሞራ አፈነዳችልን፤
ከኮሪደር ቆሜ፣ መወልወያ ይዤ፣ እኔም ተማርኩኝ።

ኡስታዝ ጁምዓ ብቻ፣ የጂኦግራፊው ሰው፣
ጠመኔ በኪሳቸው፣ ቁጣ በፊታቸው።
«የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ መረብን አውቃለሁ፤
ልጅ ላይ ሲጣል ግን ገና ዛሬ አየሁ።»
ስብሰባው ሳቀ። ከእሁድ ጀምሮ ጠመኔ ታገደ።

አንድ ቀን፣ ደወሉ ካለፈ በኋላ፣
በሩን ገፋ ሳደርግ፣ ባልዲዬን ስሞላ፣
ብቻቸውን ቆመው፣ ጣት እየፈራባቸው፣
የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስሱ መስለው።
አዩኝና አፈሩ።
«አንቺ ታውቂዋለሽ?»
እንዴት አላውቀው! ስወለውለው እየበራ
ስንት ማታ ጮኬ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤
የቱ የት እንዳለ ከጨርቄ ተማርሁ።
«እዚህ ይንኩ፣ ኡስታዝ። ቀስ። አይጫኑት እንዲያ።»
ሠላሳ ዓመት መምህር፣ በእኔ ስባሪ ዐረብኛ
እስከ መግሪብ ተማሩ።

በማግስቱ ማታ ጨርቅ ነክሬ ብመጣ፣
ሳያጠፉት ሄደው፣ ባሕሩ እንደወጣ፤
ከሰማያዊው መሃል፣ በመስታወቱ ላይ፣
አንዲት የጠመኔ ጀልባ፣ የአባታቸው ትሆን ወይ?
እሷን ሳልነካ ዙሪያዋን ጠረግሁ።

ሐሙስ የአንድ ቀን ደመወዝ ተቆረጥሁ።
«ሰሌዳው ቆሽሿል» ይላል ወረቀቱ።
እውነት ነው። አልዋሹም።