አንድ ክንድ ወደዚህ

ጭምባ፣ የክረምት ጧት፣ ጉም ውሃ ላይ ተኝቶ፣
ደንገሉ ሲንሾካሾክ ነፋስ ከሐይቅ መጥቶ፣
እኔ የረግረጉ ዘብ፣ ቦቲዬን አጥልቄ፣
መዝገብ በብብቴ ውስጥ፣ እርሳሴን ሰንቄ፣
እቆጥራለሁ።

ባለ ዘውድ ሽመላ ዐሥራ ሰባት ወርዷል፤
ከግራሩ ሥር፣ ከሣሩ ባሕር፣ አንድ ድኩላ ቆሟል፤
ጉማሬውን አላየሁ፣ ማጉረምረሙን እንጂ።
ለድምፅ የተተወ ቅጹ ላይ ቦታ የለም፤
ከጠርዙ ጻፍኩለት፦ «አለ፤ አልታየኝም።»

ከጨፌው ከማሳው መሐል አንድ ድንጋይ አለ፣
በነጭ ቀለም «ሠላሳ አንድ» የተባለ።
ቀን እንደ ባሕታዊ ካለበት አይነቃነቅም፤
ሌሊት እግር ያወጣል፣ ሲሄድ ግን አይሰማም።
በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ሦስት ክንድ ሄዶ አገኘሁት፣
ወደ ውሃው፣ ወደ ታች፤
ከኋላው ትኩስ ትልም፣ ጥቁር፣ እንፋሎቱ ያልበረደ።
የአንለይን በሬ፣ የቡሬውን ሰኮና፣
ግራው የተሰነጠቀ፣ አውቀዋለሁና
ሌላ ሰው አልጠረጠርኩም።

«ክሰስ» ይላል ደንቡ።
ደንቡን አነበብኩት። ያንን መሬት ግን
አባቴ አርሶታል ድሮ፤ እኔም ጎልጉዬበት
በልቻለሁ።
እና ሰው ሲተኛ ድንጋዩን አቅፌ መለስኩት።
በሳምንቱ ሄደ። መለስኩት። ሄደ። መለስኩት።
ገበያ ስንገናኝ አንለይ ሳቅ አለና
«ዘበኛው፣ ወገብህ እንዴት ነው?» አለኝ።
«ደህና።»

ሐምሌ ሲጋመስ ግልገል ዓባይ ሞላ፤
ምልክት ማንበብ የማያውቅ ውሃ
ድንጋዩን ዘሎ ወጣ፣ የማሳውን ጫፍ ጨፌ አደረገው።
ሽመላዋም እንደ ውሃው ናት፣ ፊደል አልቆጠረች፤
ከድንጋዩ ወዲያ፣ ከአንለይ እርሻ ዳር፣
ቄጠማ ከምራ እንቁላል ጣለች።
ሁለት። ጻፍኩ።
«ከክልል ውጭ» ብዬ ጻፍኩ፤ እርሳሱ ከበደኝ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከመንደር ስወርድ
ድንጋዩ ሊቀበለኝ ወጥቷል፤
ጎጆዋን አልፎ፣
አንድ ክንድ ወደዚህ፣ ወደ ሰው ቤት።
እኔ አልነበርኩም።
የበሬ ኮቴ የለም። ጭቃው ላይ የቀረው
የሰው እግር ብቻ ነው፤ ተረከዙ ጠልቆ የገባ፣
ከባድ ነገር ያቀፈ ሰው እግር።

ቅዳሜ፣ ጨው ተራ፣ አገኘሁት።
«አንለይ፣ ወገብህ እንዴት ነው?» አልኩት።
ሽቅብ ደመናውን አየ፤ ጥቂት ዝም አለ።
«ዘንድሮ ውሃው በዛ» አለኝ።
«በዛ» አልኩት።