ያልተወለዱት ድርሻ

ካርታውን ዘረጋሁ በአራት ጠጠር ይዤ፣
ከአባይ ድልድይ ማዶ በእርሳስ ተጉዤ
ዘንዘልማ ገባሁ።
መንደሩ ገና ነው፤ በኖራ የተሰመረ፣
ካስማና ሲባጎ፣ የበቆሎ አገዳ መሐሉ የቀረ።
ቤት የለም፣ በር የለም፤ ቁጥሩ ግን አለ፤
አሥራ ሁለት ሺህ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣
በነፍስ ወከፍ ሰማንያ ሊትር በቀን፣ እየተባለ።

ግማሹ ሰው ገና አልተወለደም፤
የሚያጠምቀው ቄስ ራሱ ገና ዲቁና አልተቀበለም።
እኔ ግን ከአሁኑ ፊቱን አስታጥበዋለሁ፣
ሽሮውን እበጠብጣለሁ፣ ልብሱን እዘፈዝፋለሁ፤
ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ሁሉም እኩል ቧንቧ ሲከፍት፣
ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ እንዳያንስበት፣
እሱ ሳያውቀኝ እጨነቅለታለሁ።

ሐሙስ ከኮረብታው አናት ወጥተን ነበር፣
ማጠራቀሚያው የሚያርፍበትን ቦታ ልንሰፍር፤
ሙጨ ባለ ቁጥሩን ዘንግ አቁሞ፣ እኔ በሌንሱ አጎንብሼ።
መሣሪያው አሮጌ ነው፤ የሚያሳየው ዓለሙን ገልብጦ፤
ጣና ከነታንኳው ሰማይ ላይ ሆነ፣ ኮረብታው ከሥሩ ተቀምጦ።
ለአንድ አፍታ ፓምፕ አላስፈለገም።

እንየው ብቅ አለ፣ የቫልቭ ጠባቂው፣
ቦቲውን ደጅ ጥሎ በካልሲው የገባው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ከተማ በጆሮው ነው የሚያውቀው፤
የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
የሚሾልክ ውኃ ይሰማል፣ ሌሊት ተነሥቶ።
«ይህ ሰማያዊ መስመር በየት ነው የሚያልፈው?»
«በመንገዱ ዳር ነው።»
«እሱማ ዋልካ ነው።
ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣
ቧንቧሽን እንደ ሸንኮራ ቀጭ አርጎ ይሰብራል።
በድንጋዩ በኩል አዙሪው።
ደግሞ ስብሰባ ላይ ‹ከመቶ ሠላሳው ውኃ የት ገባ?› ትላላችሁ፤
በጥር ሣር ከለመለመበት ብትቆፍሩ ታገኙታላችሁ።»

ላጲስ አነሣሁ።

ወይዘሮ አንጓች ደግሞ፣ በማሳዋ መሐል መንገድ የወጣባት፣
ካሳ ፍለጋ የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት፤
አልተቀመጠችም።
«ከጓሮዬ ቆሜ ጣናን አየዋለሁ፣
ለአንድ ጀሪካን ውኃ አሥራ አምስት ብር ለጋሪ እከፍላለሁ።
ተረቱን ታውቂዋለሽ፣ አልደግምልሽም።
መቼ ነው?»
ልነግራት ዳዳኝ፦ ውኃ ዐይን የለውም፣
ቁልቁለት እንጂ ጉርብትና አያውቅም፤
ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑም በመብራት፣
መብራቱ ደግሞ…
ተውኩት። ለጠማው ሰው ማብራሪያ አይቀዱለትም።

በጀት ክፍል ሄድኩ። ስሌቴ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ይላል፤
ኃላፊው፣ አቶ ፈንታሁን፣ «መቶ አምሳ ይበቃል፤
ላሉት ሰዎች አስቢ፣ የሚመጡት ለራሳቸው ያስባሉ» አለኝ።
ክፉ ሰው አይደለም። ብሩ ነው የቀጠነ፤
ቧንቧውም አብሮ ቀጠነ።

ግን ከማጠራቀሚያው ሥር፣ መስመሩ ከሚታጠፍበት፣
ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ አንድ ጨመርኩበት፤
ሁለቱ ይጠጣሉ፣ ሦስተኛው አፉን ብረት ለብሶ
ይቀመጣል አፈር ውስጥ፣ ምላሱን መልሶ።
ወጪውን ለቢሮው አጥር ከተያዘው ቀለም ቀነስኩት፤
አጥሩ ይዛግ አልኩት።

እንየው ሥዕሉን አየና በጣቱ ነካው፤
«ይህንንስ ማነው የሚከፍተው?»
«ስም አልወጣለትም።»
ሳቀ፣ ቦቲውን አጠለቀ።
የውኃ ሻጩ ጋሪ በመስኮቱ ሥር ባዶ ጀሪካን እያንኳኳ ራቀ፤
ጠጠሩን ሳነሣ ካርታው ራሱን ጠቀለለና ከጠረጴዛው ወደቀ።