ገጽ አሥራ ሰባት

ስንዱ እርሳሷን ቀርጻ፣ ፍርፋሪውን እፍ ብላ አራገፈች፤
«እሺ፣ ይምታው ወይስ ይተወው?» ስትል ጠየቀች።
እዚህ ሳጥን ላይ ከቆምን አሥራ አንድ ቀናችን።
እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ። ከታች የራስ መኮንን ድልድይ፣
ከማዶ ግማሹ የፈረሰ ፎቅ፣ በቀረው ግማሽ ሰማይ።

ጀግናችን ደራሽ ይባላል።
ቀን ደብተር ይዞ በየግቢው ቆጣሪ የሚያነብ፣
ማታ ጭንብል አጥልቆ ሌላ ሒሳብ የሚሰበስብ።
የየቤቱን በር ያውቃል፤ የየቤቱን ዕዳ፣
ማን ማንን እንደዘረፈ፣ ማን በማን እንደተጎዳ።

ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሁለት ፍች ስላለው።
አንድም፦ ጩኸት ሰምቶ የሚደርስ፣ ወገን ለሌለው።
አንድም፦ እዚህ ፀሐይ ሳለ እንጦጦ ላይ ዘንቦ፣
ድንገት ወንዙን ሞልቶ፣ አጣቢዋንም ልብሷንም ሰብስቦ
የሚሄድ ውሃ።

አንባቢ ወዶታል። አታሚያችን አቶ ቀጸላ
«ደም ጨምሩ» ይለናል፣ የሽያጩን ደብተር ሲያሰላ፤
«ቀይ ቀለም ቢወደድም፣ ቀይ ያለበት ነው ቶሎ የሚያልቀው።»
አንድ ልጅ ከዶሮ ማነቂያ ጽፎልናል፦
«የእኛን ሰፈር ደላላ መቼ ነው የሚጠብቀው?»

ስንዱን ግን ሌላ ነገር ይበላታል፦
«ካልመታው ማን ይገዛዋል? ከመታው ማን ያምነዋል?»
እኔም የጸሐፊ ብልሃቴን አወጣለሁ፦
«ሐዘን እንስጠው፤ ያዘነ ሰው ይታዘንለታል።
እህቱን ይግደሉበት።»
«ሁለት እህት ቀብረንለታል» አለች፣ «ታላቋንም ታናሿንም።
አንድ ቡጢ ለማጠብ ስንት ሬሳ ይበቃል?»
«እንግዲያው ልጁን እናክፋው። ጩቤ ይያዝ።»
«ስልክ ነው የሰረቀው። ስልክ!
እጁ ባዶ ነው፣ አንድ እግር ጫማው ወልቋል፣
ከአሥራ ስድስት ዓመት አይበልጥም። የሳልኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

ያልነገርኳት ነገር አለ።

አምና በኅዳር፣ ከፖስታ ቤት ወደ ለገሃር ስወርድ
«ሌባ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።
ማን እንደጮኸ አላየሁም። ሰው ሲሮጥ ሮጥኩ።
ደረስኩ።
ክብ ተሠርቶ ነበር። ክቡ ቦታ ለቀቀልኝ፣
ለሰርግ ዘመድ እንደሚለቀቅ፤ አንድ ሽማግሌ እንኳን «ግባ» አለኝ።
አንዴ ነው። በጫማዬ ጫፍ። አንዴ ብቻ።
የሆነ ለስላሳ ነገር ነካሁ።
ከዚያ ወጥቼ መንገዴን ቀጠልኩ፣
ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ስኳሩን አማሰልኩ፣
እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ስልኩ፣ ቆይቶ እንደሰማሁት፣ የተገኘው
ከባለቤቷ ከራሷ ቦርሳ ሥር ነው።

ደራሽን የጻፍኩት በሳምንቱ ነው።

ስንዱ መልስ አልጠበቀችም። ጭንብል የለም፣ ቡጢ የለም፤
ሳጥኑን አስፋልቱ ድረስ አወረደችው፣
ከወደቀው ልጅ ዓይን እኩል፤ ከዚያም በቀለም
አንድ ጫማ። ቡኒ። ማሰሪያው ተበጥሶ መሀል ላይ የተቋጠረ፣
ተረከዙ በስተቀኝ የተበላ፣ አፍንጫው የተጫረ።

እሱን አየሁ። ከጠረጴዛው ሥር አየሁ።
አውቃ ነው? ወይስ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አቀርቅራ
ፊት ለፊቷ ያገኘችውን ቀዳች?
ማየት እኮ ነው የእሷ ሥራ።

«ምን ይበል?» አለች፣
ባዶውን የንግግር ፊኛ በእርሳሷ ጫፍ እየነካካች።
ከምድር ቤት የማተሚያው ጩኸት፣ የጋለ ዘይት ሽታ፣
ከደረጃው ግርጌ የአቶ ቀጸላ ድምፅ፣ ትዕግሥት ያጣ፦
«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ገጹን አውርዱልኝ!»

እግሬን ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።