የእናቷ ስም

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከቱሉ ዲምቱ በላይ፣
ብሎክ መቶ ሰባት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ሰባት ባዶ ጀሪካን በር ላይ ሲቀበሉ፣
መሪጌታ ይባቤ ያመሻሉ ስም ሲያሰሉ።
እዚህ መርጦ የመጣ የለም፤ ቤቱን በዕጣ ነው ያገኙት፤
እሳቸውም ከልጃቸው ዕጣ ተጠግተው፣ ሰማይ ብቻ ነው ያመጡት።

እኔ ቀያሽ ነኝ። ባለሦስት እግር መሣሪያ ተሸክሜ፣
በሰው ጤፍ መካከል ችካል ስተክል ውዬ፣ ጥፍሬ ቀይ ቀለም እንደያዘ፣ ደክሜ፣
አንኳኳሁ። «ለማን ነው?» አሉ። «ለራስህ? ለትዳር? ለጠፋ ዕቃ?»
«ላገር» አልኳቸው። አልሳቁም። ሻማው ብቻ ብንን አለና ነቃ።

የመብራት ቢል ገለበጡ፤ በባዶው ጀርባ
ስሟን ጻፉ፤ ፊደሉ አንድ ባንድ ወደ ቁጥር ገባ።
ደመሩ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት እያሉ ገደፉ፤
ብዕራቸው ግን መሐል ላይ እንደ በቅሎ ገተረ፤ አላለፉ።
«የእናቷስ ስም?»

ዝም አልኩ።
ስንት ወሰን ለክቻለሁ፣ ስንት ማእዘን፣ ስንት ዲግሪ፤
ይህን ግን የጠየቀኝ የለም፣ አለቃም ሆነ አስተማሪ።
«ያለ እናት ስም ኮከብ የለም፤ ሰማይ የአባትን ስም አያይ፤
በረት ሙሉ ጥጃ መሐል የራሷን ላሟ ናት የምትለይ።
በል እንሞክር።»

«ብዙነሽ» አልኩ፤ ሚዛን ወጣች። «ባሕርይዋ ነፋስ፤
አልጋዋን ለእንግዳ ትለቃለች፣ ልጇን ግን ከደጅ አትመልስ፤
ስሟ ከቤቷ ይልቅ በሩቅ ያምራል።»
«አበቡ» አልኩ፤ ዐቅራብ። «ውሃ ናት። ቂሟን በጨው አሽታ ታቆያለች፤
መርዙንም ማርከሻውንም ታውቃለች፤ ሲጠይቋት ረሳሁት ትላለች።»
«ዓለሚቱስ?» ሰውር፣ መሬት። «ጫንቃዋ ቀንበር ለምዷል፤ ሲወርድላት ያማታል፤
ሀብቷ በእርጅና ነው፤ በየዘመኑ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ይድሯታል።»

ሦስቱም እሷ ናት። ሦስቱም አይደለችም። ብዕሩን ክዳን አለበሱት።
«ክፉ ቀኗስ?» አልኩ። «ዛሬ አራተኛው ነህ፣ ይህን ከጠየቁት።»
«መፍትሔውስ?» «ለሰው ቢሆን ገብስማ ዶሮ፤
ላገር ግን የቱ ዶሮ ይችላል፣ ይኼን ሁሉ ራስ ዞሮ?»
ወረቀቱን እጥፍ አድርገው ሰጡኝ።

ስወርድ፣ ደረጃው ሥር፣ ዘበኛው ኦቦ ጉርሜሳ
ካፖርት ደርበው ቆመዋል። ይህ ብሎክ ድሮ የሳቸው ነበር፣ የምስር ማሳ።
ችካሉን የመታሁት እኔ ነኝ። ያውቃሉ። አንድም ቀን አላነሡብኝ።
«ሽማግሌው ምን አሉህ?» «የእናቷን ስም ጠየቁኝ።»
ቀና አሉ። ጥቅምት ነው፤ ከየረር አናት አንድ እፍኝ ኮከብ ተበትኗል።
«ቡሳን» አሉ፣ በዱላቸው እያመለከቱ፤ «መብራት ሲጠፋ ደህና ይታያል።
አባቴ በነዚህ ቀን ቆጥሮ ነው እናቴን ያገባ፤
እትብቴ ያውና፣ ከፍሳሹ ጉድጓድ ግርጌ፤ ማን ጠየቀኝ ግሬደሩ ሲገባ?»
«እና... የእናትዎ ስም?»

ኮሌታቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። ነፋስ ነበር።
«ብነግርህ ትጽፈዋለህ፤ ትደምረዋለህ፤ ቀጥለህ ትገድፋታለህ።
አንዴ ተገድፋለች፤ ይበቃታል። ሂድ፤ ከፈጠንክ ታክሲ ታገኛለህ።»

ታክሲው ውስጥ ቢሉን ገለጥኩት፤ ቁጥሯ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤
ከፊት ያልተከፈለ ሁለት መቶ አርባ ብር፣ ከኋላ ያልተቋጨች አገር፤ ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል።

በማግስቱ፣ ከኮዬ ማዶ፣ ሌላ ማሳ። ጤዛው አልረገፈም።
በመነጽሩ ውስጥ፣ መስቀለኛው መሥመር ላይ፣ አንዲት አሮጊት ቆመዋል።
ቀዩን ችካል መታሁት፤ እንደ ትናንት፣ እንደ ትናንት በስቲያ፤
ከዚያ መዶሻዬን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ፣ ከጉድባው ወዲያ፣
«እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?»

እጃቸውን ከነጠላው አላወጡም።
«ለምንህ?» አሉኝ።