አራት ነጥብ

ሰሌዳው ላይ ቁጥር የምሰቅለው እኔ ነኝ፤
አሥር እርከን ያለው መሰላልም አለኝ።
ከሰኞ እስከ ዓርብ ካልሲ ፋብሪካ ነኝ፣
ቅዳሜ ሲመጣ ቤንዚን ነው የሚሸተኝ።

ሄምሎክ ጋፕ ይሉታል፤ ቨርጂንያ፣ ከተራራ ሥር፣
ግማሽ ማይል አስፋልት፣ ዙሪያውን አጥር።
ቁጥሮቼ ቆርቆሮ፣ ቀለማቸው የተላጠ፣
ስድስቱ ዘጠኝ ነው ከተገለበጠ።
ሰዉ ግን ያምናቸዋል፤
ምስማር ላይ ከዋሉ እንደ ሕግ ይታያሉ።

ለወቅቱ መዝጊያ ጀንበር ሳትጠልቅ የሰቀልኩት፦
ሌስተር ሃፍማን፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።
ዱዌይን ፑኬት፣ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት።
ሃያ አራት ነጥብ፤ ሰፊ ነው ለሚያይ ሰው፣
ሌስተር ግን ቆጥሮታል፣ እንቅልፍ እስኪነሣው።
ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል ያለ ዋንጫ፣
ቀን ቧንቧ ሲጠግን፣ ማታ ለሩጫ።
ሚስቱ ኦፓል ከአጥሩ ጥግ ቆማለች፣
የሰዓት መቁጠሪያዋን እንደ ጫጩት ይዛለች።

እስከ መቶ አርባ ዙር ሦስተኛ ሆኖ ሰዉን አረጋጋው፤
አሥራ ሦስተኛ ቢወጣ እንኳ ዋንጫው የርሱ ነው።
መቶ አርባ አንደኛው ላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣
ከፊቱ አንዱ ሾረ፤ ጠፋው መሸሸጊያ።
ጭስ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲጣበቅ።
ከዚያ ጸጥታ።
ከዚያ የኦፓል ሰዓት፣ ከእጇ ወድቃ፣ ጠቅ።

ሌስተር ደህና ወጣ፤ ደረቱን ዳበሰ፤
ራዲያተሩ ግን ውሃውን አፈሰሰ።
ሕጉ ቀላል ነው፤ የቆመ ባለበት ይቆማል፣
ከርሱ አንድ ዙር በልጦ የዞረ ይቀድማል።
ከኋላ የቀሩ ሁለት ነበሩ፣
ሲያነክሱ፣ ሲያስሉ፣ ገና የሚዞሩ።

አንዱ ኤልሞ ታኬት፣ ስድሳ ሰባት ዓመቱ፣
ከስምንት ሲሊንደር ሁለቱ የሞቱ፤
"ነዳጁን ከፍያለሁ፣ እስኪያልቅ እነዳለሁ"
ሲል በራዲዮ ሰማሁ።
ሌላዋ ሬኔ ኪዝላር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
መከላከያዋን በሽቦ ያሰረላት የአጎቷ እጅ።
ሰባት ጊዜ ጀምራ፣ ሰባቴም አቋርጣ፣
የምትፈልገው አንድ ነው፤ ጨርሳ እንድትወጣ።

ሰሌዳዬን አላዩትም ቀና ብለው፤
የሌስተርና የዱዌይን ነገር ምን ግዳቸው ነው?
የሌስተር ልጆች ግን ቆጥረው ደረሱበት፣
ኦፓልም ቆጠረች፣ አጥሩን እንደያዘች፣ ኤልሞ ባለፈበት፦
መቶ ሠላሳ ስምንት።
መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።
"አቁም" ልትል አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው።
ሰው ሲለፋ እያዩ እንዴት "ይብቃህ" ይባላል፣ ባዳም ቢሆን ሰው?
ኤልሞ አለፈ። ባንዲራው ሊወርድ ሲል
ሬኔም አለፈች፣ ከሞተሯ ሥር ጭስ ሲትጎለጎል፤
ኦፓል ያን ጊዜ፣
እጇ ከሷ ቀድሞ፣ አጨበጨበች።
ከዚያ እጇን አየችው። ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ዱዌይን አሸነፈ። መሰላሌን ወጣሁ፣
በእጅ ባትሪ ብርሃን ምስማሩን ፈለግሁ።
ዱዌይን ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት።
ሌስተር ስድስት መቶ ሠላሳ አራት።
ኤልሞ የወሰደበት ሁለት ነጥብ፣
ሬኔ የወሰደችበት ሁለት ነጥብ፤
ጎን ለጎን ሲቀመጡ አራት ነጥብ፤
የሌስተር ዓመት እዚያ ላይ አለቀ፣
እንደ ዓረፍተ ነገር።

እኩል ቢሆኑ ኖሮ፣ ብዙ ያሸነፈ ነበር የሚወስደው፤
ሌስተር ስድስት አለው፣ ዱዌይን አምስት ነው።

ሬኔ መጣች፣ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣
"አሥራ አራተኛ ነኝ! የኔን አትሰቅይልኝም?" ድምጿ በደስታ ተኮላሽቶ፣ እንባዋ ፈሶ።
ሰሌዳዬ አሥር ስም ነው የሚይዘው፤
ይህን ስነግራት እንኳ ደስታዋ አልቀነሰው።

በመጨረሻ ሌስተር። ከመሰላሉ ሥር ቆሞ፣
ቀና ብሎ አየ፣ አንገቱ በቀበቶ ቆስሎ፣ ደም ቋጥሮ፣ ታሞ።
"ያንን የኔን ስድስት" አለኝ፣
"ብትገለብጪው ምን ነበረበት?"
ሳቀ፤ ሳቅ ከሆነ።
መሰላሉን ግን እስክወርድ ያዘልኝ።