አንድም

ሌዝብሪጅ ላይ ነፋስ ባለርስት ነው፣
እኛ ጭሰኞቹ፤
ኪራይ ሲጠይቅ ያድራል ሌሊቱን ሙሉ
በጋራዥ በሮቹ።
ውስጡ ግን ሞቅ ብሏል። ከጣሪያው ወርደው
የተንጠለጠሉ
ሁለት ክንፎች አሉ፣
ገና ሸራ ያልለበሱ፣ አጥንት የመሰሉ።

ዴኒስ ኮቫልቹክ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
አርባውን ያሳለፈ ከኮምባይነር ሆድ ውስጥ፣
ስንዴ ደርሶ ማሽን ሲታመም
ሲጠሩት የሚሮጥ።
እኔ ጎረቤቱ፣ ስሜ ትርሲት፣ ሥራዬ ጥርስ፣
የሰው አፍ ልክ ይዤ ሸክላ የምሞርድ፣
ከጸጉር የቀጠነ ክፍተት ጣቴ ላይ
የሚታወቀኝ እንደ ጉድ።

ሞተሩ ከሜዲስን ሃት መጣ፣ ከብረት መቃብር፣
ከተጨፈለቀች ማዝዳ ደረት ወጥቶ፤
ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፣
ሁለት ሆድ ያለው ቅል፣ ወገቡ ጠብቶ።
በዚያ ቅል ውስጥ የሚዞር ባለሦስት ማዕዘን፣
ጎን ጎኑ ያበጠ፤
አንዱ ጎን ሲስብ፣ አንዱ ጎን ሲያምቅ፣
አንዱ ጎን እሳት ዋጠ።
ሦስት ሥራ፣ አንድ አካል። ዴኒስ ሲያስረዳኝ
የሰንበት ትምህርቴ ትዝ ብሎኝ
ሳቅ አፈነኝ።

ክረምቱን ሙሉ ጥላሸት ስናጥብ ከረምን።
በጫፎቹ ማኅተም አለ፣ ጣት የሚያህል ብረት፣
በማዕዘኑ ማኅተም፣ በጎኑም ማኅተም፣
ከሥራቸው ስፕሪንግ፣ ቅጥነቱ እንደ ሽፋሽፍት።
የመንግሥት ማኅተም ቀለም ይልሳል፤
የእኛ ማኅተም ግን እሳት ይልሳል።
የጎኖቹን እኔ ሞረድኳቸው፤
ሲረዝሙ ይነክሳሉ፣ ሲያጥሩ ያስተነፍሳሉ።
ከጥርስ በምን ይለያሉ?

የውሃውን ጎማ በቦዩ ውስጥ ዘረጋሁ
ቫዝሊን ቀብቼ፣ እንዳይንሸራተት፤
ዴኒስ ደራረበው፣ ረጃጅም ብሎኖቹን
አጠበቃቸው በሥርዓት።

የዚያን ዕለት ማታ ጨርቁን ሳጥፍ
ቅንጥ።
አንዲት ስፕሪንግ ወለሉ ላይ፣
ከምስር ፍሬ የማትበልጥ።
«ትርፍ ናት» አለ ዴኒስ፣ በቅጡ ሳያያት፤
መነጽሩን ጠረገ። እንደገና ጠረገ።

ተኝቼ አጎቴን አሰብኩ፣ የትርጓሜ መምህሩን፣
አንዱን ቃል በአምስት በር የሚያስወጣ፤
«አንድም» ይላል፣ ሌላ ፍቺ፤
«አንድም» ይላል፣ ሌላ ጣጣ።
አንድም ስፕሪንጓ ትርፍ ናት፤
አንድም ቦታዋ ባዶ ነው፤
አንድም የዴኒስ ዐይን ደክሟል፣
ይህን ከሚናገር መውደቅ የሚሻለው።
መኪና ቢሆን መንገድ ዳር ትቆሚያለሽ፤
ሰማይ ዳር የለው።

ጠዋት «እንፍታው» አልኩት።
«አምስት ወር» አለ፣ ቁልፉን አስቀመጠ።
ሦስት ቀን ዝም።
በአራተኛው በሬን ያንኳኳው እሱ ነው፣
በእጁ የብሎን መፍቻ፤
«እሺ። ቆጣሪዋ ግን አንቺ ነሽ ብቻ።»

ፈታነው። ቆጠርኩ። የማዕዘኑ አሥራ ሁለት፣
ደግሜ አሥራ ሁለት። አንድም አልጎደለም።
ዴኒስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤
«አላልኩሽም?» አላለም።
ይቅርታ ልጠይቀው ስጎነበስ ነው ጣቴ
የቦዩ ጠርዝ ላይ የቆመው፤
ጎማው ከመስመሩ ወጥቶ፣ በሁለት ብረት ተነክሶ
ተሰንጥቆ ያገኘው።
አንድ ሰዓት ቢበር ውሃው እሳቱ ቤት ይገባ ነበር።

ያንን ጎማ የዘረጋሁ እኔ ነኝ።
ጥርጣሬዬ በሱ ዐይን፣ ጥፋቱ በኔ ጣት።
ሳልነግረው ገባው። አዲስ ጎማ ከመሳቢያ አወጣ፣
ቫዝሊኑን ገፋልኝ፤
«ቀስ በይ» አለ፤ ይኸው ነው ያለው ቁጣ።

በሰኔ አንድ ማለዳ፣ ባለርስቱ ነፋስ
ኪራዩን ረስቶ ሲተኛ፣
ዴኒስ ተነሣ።
ድምፁ የመኪና አይደለም፤
የተቆጣ ቀፎ ነው፣ አንድ ወጥ፣ የማይቆራረጥ፣
የስንዴ ማሳውን ተሻግሮ ሽቅብ የሚሮጥ።
ሚስቱ ዎንዳ ቴርሞስ አቅፋ
ደቂቃ ትቆጥራለች። እኔ አልቆጥርም።
ስፕሪንጓ ኪሴ ውስጥ ናት። ከየት እንደመጣች
እስከ ዛሬ አናውቅም።