ሰባት ቁጥር

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሼፊልድ ላይ ይዘንባል፤
ከብስክሌት ጥገናው ፎቁ ላይ ሰው ታጭቋል።
ኒጄል አይጦቹን ከስፖንጅ ሳጥን ያወጣል፣
ጅራት እየዳበሰ በስም ይጠራቸዋል።

እኔ ደግሞ ድንኮቼን፤
ቁመታቸው አውራ ጣት፣ ጢማቸው እስከ ጉልበት፣
አሥሩ ደኅና ናቸው፤ አንዱ ግን፣ ሰባት...

ሰባት ቁጥር ቦርግሪም፣ የመሃል ተከላካይ፣
ጭራቅ ተንደርድሮ ቢያርፍበት ንቅንቅ የማይል፣ የመሠረት ድንጋይ።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጀመሪያው ጨዋታ፣
ስድስት አይጥ ያቆመ፣ ብቻውን፣ ያለ እርዳታ።
ከዚያ ጉልበቱ ሄደ። ኅዳር ላይ፣ ዳይሱ አንድ ብሎ ሲቆም፣
ከእርምጃው አንድ ካሬ ጎደለ። «ይሁን» አልኩ፤ «ድንክ ድሮም አይሮጥም።»
ጥር ላይ ራሱ ተፈለጠ። የራስ ቁሩን እኔው ደግሜ ቀባሁት፣
ስንጥቁን ግን በቀጭን ቀይ፣ እንዲታይ፣ እንዳለ ተውኩት።
ሦስተኛው የወገብ ነው፤ የማይሽር። ከየጨዋታው በፊት
ዳይስ እጥልለታለሁ፤ ሲቀናው ይሰለፋል፤ ሳይቀናው፣ ቁጭ ብሎ ማየት።

ዋጋው ግን አልጎደለም።
በመዝገቡ ላይ ዛሬም ያው መቶ ሠላሳ ሺህ ወርቅ፤
ቡድኔ በወረቀት ሲከብር፣ ሜዳ ላይ ሲደቅ፣
ኒጄል በልዩነቱ ጠንቋይ ሲቀጥር፣ ዳኛውን በጉቦ ሲይዝ፣
የኔው አንካሳ ሆነለት ምርኩዝ።

ሕግ ነበረኝ፣ ከዝርዝሩ ጀርባ በገዛ እጄ የጻፍኩት፦
«አንዴ የተጎዳን አቆየው። ሁለቴ፣ ዋጋውን አስላ። ሦስቴ፣ አሰናብት።»
ለልጁ ለፊንሊ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ «እንባ ዋንጫ አይሆንም» ብዬ፣
ባለፈው የሚወደውን ጭራቅ አስጥዬ።
አሁን ቺፕስ እየበላ፣ ጥግ ቆሞ፣ እጄን ያያል።

ቀን ላይ ሥራዬ ሌላ ነው፤ ሆስፒታል፣ የአጥንት ክፍል።
ዛሬ ጠዋት ሚስተር ኤክሮይድ፣ ጣሪያ ሠሪ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቱ፣
ጫማውን ማሰር አቅቶት፣ «መሰላል መቼ ልውጣ?» አለኝ፣ እየሳቀ በኩራቱ።
ፋይሉ በብብቴ፣ እጄ በበሩ እጀታ፣
«ከእንግዲህ መሰላል የለም» አልኩት፣ ስወጣ፣ በችኮላ ሰላምታ።
እንዲህ ቀላል ነበር።

ለሰው የተፈታ አፌ ለአውራ ጣት ድንክ ታሰረ፤
«የዛሬን ብቻ» አልኩ፤ ዳይሱም እንደ ግብረ አበር አራት ላይ ሰፈረ።
ተሰለፈ።
ሦስት ግፊያ ቻለ፤ አንዱን አይጥ ከሜዳ ውጭ ወረወረ፤
ፊንሊ እንኳ ቺፕሱን አስቀምጦ አጨበጨበ፤ ልቤ በማን አለብኝ ሰከረ።
በመጨረሻው ተራ፣ አንድ ለአንድ ሳለን፣ ኳስ የያዘው አይጥ በጎኑ ሾልኮ ሲወጣ፣
ቦርግሪምን ላስነሳ ካሬ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
አራተኛዋ ታጣች።
ያቺው፣ የኅዳሯ ካሬ።

ኒጄል አልፈነጠዘም። ላጲሱን ወደ እኔ ገፋ፣ ዝም ብሎ።

ሰውየው እርሳስ ነው፤ ስሙም በእርሳስ የተጻፈ፤
አንዱ መዳፌ ላይ ከበደ፤ ሌላው በላጲስ ረገፈ።
ስሙ ጠፋ፤ ጉድጓዱ ግን ወረቀቱ ላይ ቀረ፣
ጣት ለሄደበት የሚነበብ፣ ከዓይን የተሰወረ።
ነገ በሰባ ሺህ አዲስ ይገዛል፣ ጉልበቱ ሙሉ፣ ቀለም ያልነካው፤
ሰባትን ግን አልሰጠውም፤ አሥራ ሁለት ይበቃዋል፣ መጀመሪያ ሜዳውን ይለካው።

«ሞተ?» አለ ፊንሊ።
«አይ። ጡረታ ወጣ።»

ትራም ላይ፣ ከኮቴ ኪስ፣ መዶሻው አውራ ጣቴን ወጋኝ።

ሐሙስ ኤክሮይድ ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ አመጣ፤
መልሴ አልተለወጠም፤ መሰላል የለም፣ ጣሪያም አይወጣ።
በሩን ግን ዘጋሁት።
ወንበር ስቤ፣ ቁጭ ብዬ፣ የሠራቸውን ጣሪያዎች
አንድ በአንድ እስኪነግረኝ ድረስ ጠበቅኩት።